ቀመሩ ሲቀየር ርዕሱም ይቀየር፦ «አንድ ቻርት፣ አንድ ቀመር» ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይሄ አንተን ይመለከታል» ብሎ ነው የላከው። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ስለ ዳሽቦርድ፣ ማለትም የሥራ ቁጥሮችን በቻርት ስለሚያሳይ ገጽ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ዳሽቦርድ ላይ አንድ ቻርት አንድ ቀመር ብቻ ይኑረው፤ ተመልካቹ ቁልፍ እየነካ ያንኑ ቻርት ከኩንታል ወደ ብር፣ ከብር ወደ ትርፍ መቶኛ የሚቀያይርበት አሠራር ይቅር። ሰው ያደናግራል፣ ገጹን ያዘገያል፣ ለጥገና አይመችም፣ በእኛ የዘመን አቆጣጠር አይሠራም፣ ለዶላርም ቢሆን በዛሬው ምንዛሪ ማካፈል ይበቃል፣ በመጨረሻም ቁልፉን ማንም አይነካውም ይላሉ።

በአንዳንዱ እስማማለሁ። የምስማማበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ። ዋናው ሐሳብ ግን ስህተት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩት ጽሑፉን ያነበበ ጀማሪ ነገ አንድ ገጽ ላይ ሃያ ቻርት ደርድሮ ለሥራ አስኪያጁ ስለሚያቀርብ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ስልኩን ወደ ታች ሲያንሸራትት፣ ወደ ላይ ሲመልስ፣ የፈለገውን ሳያገኝ ይተወዋል።

እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ባለ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ዳታ ነው ሥራዬ። እዚህ ዳሽቦርድ የሚታየው በትልቅ ስክሪን አይደለም። ሚዛን ቤት ያለው በስልኩ ያያል። መጋዘን ያለችው በስልኳ ታያለች። የሽያጭ ሠራተኛው ገላን ወይ ኮዬ ፈጬ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሞ በስልኩ ያያል። የእጅ መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ስንት ቻርት ይገባል? አንድ። ቢበዛ ሁለት። ስለዚህ ቀመር መቀያየር ለእኛ ጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ።

መጀመሪያ፣ ያደናግራል የሚለው። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ እኔም በራሴ ሥራ ላይ ደርሶብኛል። የነገ ትዕዛዝ የሚያሳይ ቻርት ሠርቼ ነበር። ሦስት ቁልፍ አለው፦ ኩንታል፣ ብር፣ የትርፍ ህዳግ (ትርፉ ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሆነ)። ርዕሱ «የነገ ትዕዛዝ» ይላል። የትኛውም ቁልፍ ቢነካ ርዕሱ ያው «የነገ ትዕዛዝ» ነው። ጭነት ክፍል አንድ ታብሌት አለ፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። አንድ ማታ የሽያጭ ኃላፊው «ብር» የሚለውን ነክቶ አየና አስቀምጦት ሄደ። ዳሽቦርዱን የምሠራበት ፕሮግራም፣ ፓወር ቢአይ፣ ደግሞ አንድ ተጠቃሚ መጨረሻ ላይ የመረጠውን ያስታውሳል። በነጋታው ገና ሳይነጋ የጭነት ተቆጣጣሪው ሲከፍተው 1,840 ይላል። ቁጥሩ በሺህ ብር ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ በኩንታል ስለሚያየው ኩንታል መሰለው። ያን ያህል ጭነት ካለ ያሉት ሰዎች አይበቁም ብሎ ተጨማሪ ጫኝና አውራጅ አስጠራ።

ሰዎቹ መጡ። በሩ አጠገብ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ መጋዘን ያሉት እትዬ ወጥተው «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊጭን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነው ነገሩ የታወቀው። ሰዎቹ ቀናቸውን ሰጥተውናልና ሙሉ የቀን ሒሳባቸው ተከፈለ። ተቆጣጣሪው ግን ሳምንት ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም። እውነቱን ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ይህን ታሪክ የጽሑፉ ጸሐፊ ቢሰሙ «ይኸው!» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የተማርኩበት። ሰውየውን ያሳሳተው የቀመሩ መቀየር አይደለም። ቀመሩ ተቀይሮ ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት መቅረቱ ነው። ርዕሱ አልተቀየረም። የጎን መለኪያው ላይ «ብር» የሚል ቃል የለም። የአሞሌዎቹ ቀለም ያው ነው። ቻርቱ ሥራውን ቀይሯል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፓወር ቢአይ ላይ የቻርት ርዕስ ራሱ ከሜዠር (ስም ተሰጥቶት ከተቀመጠ ቀመር) ሊመጣ ይችላል። ከርዕሱ ጎን ኤፍኤክስ የምትል ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ነክቶ የጽሑፍ ሜዠር መስጠት ነው። ቀመሩን የሚመርጠው ያው ሰሌክትድቫልዩ (የትኛው ቁልፍ እንደተነካ የሚያነበው ተግባር) ርዕሱንም ይመርጣል። አሁን የእኛ ቻርት «የነገ ትዕዛዝ፣ በሺህ ብር» ወይም «የነገ ትዕዛዝ፣ በኩንታል» ይላል። ቁጥሩም ላይ መለኪያው ይከተላል። ለዚህ የሚያገለግለው ዳይናሚክ ፎርማት ስትሪንግ የሚባለው ነው፤ ለተራ ሜዠሮች የመጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቻችን ፎርማት በሚለው ተግባር ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ እንቀይር ነበር። ጽሑፍ ደግሞ አሞሌ ሆኖ አይሳልም። የተቸገረ ያውቀዋል። ታብሎ የሚባለውን ሌላ የዳሽቦርድ ፕሮግራም የምትጠቀሙም በፓራሜትር (ተመልካቹ በሚመርጠው እሴት) እና በኬዝ (እንደ ምርጫው ቀመር በሚያወጣው ተግባር) ስትሠሩ ርዕሱ ውስጥ የፓራሜትሩን ስም አስገቡ፤ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ልበል። ሽያጭ ሲጨምር ደስ ይላል። ብክነት ሲጨምር ያሳዝናል። ሁለቱ በአንድ ቻርት ላይ ከተፈራረቁና «ከፍ ያለው አረንጓዴ ይሁን» የሚል አንድ ሕግ ብቻ ካለ ወፍጮው ስንዴ ሲያባክን ቻርቱ ያሞግሰዋል። ስለዚህ የቀለሙ ሕግም በምርጫው ይቀያየር።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን ከማደናገር ሁሉ የከፋ የምለው ሌላ ነገር አለ። መቶኛ አይደመርም። የዱቄት፣ የማካሮኒና የፉርሽካ ሽያጭ በአንድ አሞሌ ላይ ተደራርቦ ሲታይ በኩንታል ትክክል ነው፤ ድምሩ ትርጉም አለው። ቁልፉ ወደ ትርፍ ህዳግ ሲዞር ግን 12 በመቶ፣ 18 በመቶና 9 በመቶ ተደራርበው 39 በመቶ ያህል የሚረዝም አሞሌ ይሆናሉ። የትም የሌለ 39 በመቶ! ሰው አይቶ «በጣም አትርፈናል» ይላል። ህዳግ ከጠቅላላ ትርፍና ከጠቅላላ ሽያጭ እንደ አዲስ መካፈል አለበት፤ አሞሌዎቹም ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀመሩ ብቻ ሳይሆን ቻርቱም ይቀየር። ፓወር ቢአይ ላይ በቡክማርክ (የገጹን ሁኔታ አስቀምጦ መልሶ በሚያመጣው) ይሠራል። ታብሎ ላይ ከ2022.3 እትም ጀምሮ እንደ ምርጫው ቻርት የሚያሳይና የሚደብቅ ዳይናሚክ ዞን ቪዚቢሊቲ አለ። ይህ ሁሉ ሥራ በዝቷል ያለ ሰው መቶኛውን ከቁልፎቹ ያውጣውና ለብቻው ያስቀምጠው። በዚህ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ሁለተኛ፣ ያዘገያል የሚለው። እዚህ ላይ ጽሑፉ የተሳሳተ ይመስለኛል። ፓወር ቢአይ ገጽ ሲከፍት እያንዳንዱ ቻርት የራሱን ጥያቄ ዳታውና ቀመሮቹ ወዳሉበት ሞዴል ይልካል። ሦስት ቻርት ሦስት ጥያቄ ነው። አንድ የሚቀያየር ቻርት አንድ ጥያቄ ነው። ስዊች (እንደ ምርጫው ከቀመሮቹ አንዱን የሚያወጣው ተግባር) ውስጥ አምስት አማራጭ ቢኖር፣ ምርጫው ከስላይሰር (ከምርጫ ቁልፎቹ) በቀጥታ የመጣ ከሆነ፣ የፕሮግራሙ የስሌት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠውን ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚያሰላው። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ሁሌም ስላልሆነ ነው። ስዊቹ በየመስመሩ በሚዞር ቀመር ሆድ ውስጥ ከተቀበረ ወይም ሁኔታው ከተወሳሰበ ሁሉንም ሊያሰላ ይችላል። ያኔ እውነትም ይንቀረፈፋል። ፐርፎርማንስ አናላይዘርን ከፍቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ሚሊሰከንዱን ማየት ነው። የእኛን ሳየው ችግሩ ስዊቹ ላይ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው የህዳግ ቀመር ነበር ከባዱ። ለብቻው ቻርት ብሰጠው ያው ይከብዳል፤ ያውም ማንም ባልጠየቀበት ሰዓት ሁሉ።

ክሊክ ሴንስ የሚባለው ሌላ የዳሽቦርድ ፕሮግራም ላይ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ቀመሩ ራሱ እንደ ጽሑፍ ሆኖ ቫሪያብል በሚባል፣ ስም ባለው ማስቀመጫ ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፍ ሲነካ ቫሪያብሉ ይቀየራል። ቻርቱ ውስጥ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ተደርጎ ሲጠራ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉ ቦታው ላይ ይተካል። ስለዚህ የሚሰላው የተመረጠው ቀመር ብቻ ነው፤ ሌላው እዚያ የለም። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ቫሪያብሉ ውስጥ ቀመሩ በእኩል ይሆናል ምልክት ከጀመረ እዚያው በጠቅላላው ዳታ ላይ ይሰላና የሚተካው ጽሑፉ ሳይሆን ውጤቱ ይሆናል። ምልክቱን ለማወቅ ቀላል ነው፦ አሞሌዎቹ ሁሉ አንድ ቁመት ይሆናሉ። የአቃቂም፣ የሰበታም፣ የሱሉልታም ሽያጭ እኩል። እንዲህ ካያችሁ ዳታውን አትጠርጥሩ፤ መጀመሪያ ያቺን ምልክት ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ለጥገና አይመችም የሚለው። ጸሐፊው ሁለት መቶ መስመር የሆነ ስዊች እንዳዩ ይናገራሉ። አምናለሁ፤ እኔም አይቻለሁ። ግን ያ የአጻጻፍ ችግር ነው። ሙሉ ስሌቱን ስዊች ውስጥ የሚጽፍ ሰው አራት ዓይነት ወጥ በአንድ ድስት እየሠራ ነው። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ ሜዠር ይኑረው፤ ለብቻው ይፈተሽ፤ ስዊቹ ስማቸውን ብቻ ይጥራ። የእኛ ስዊች ስድስት መስመር ናት። የሒሳብ ክፍሉ የትርፍ አሠራሩን ሲቀይር የምነካው አንድ ሜዠር ነው፤ ስዊቹን አልከፍተውም። «አንድ ቻርት፣ አንድ ቀመር» ብለን ቻርት ብናባዛ ኖሮ ቀለሙን፣ ማጣሪያውን፣ የፊደሉን መጠን በየቻርቱ እየዞርኩ ላስተካክል ነው። የትኛው ነው ለጥገና የማይመቸው?

ደግሞ ፓወር ቢአይ ላይ ከሜይ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊልድ ፓራሜትር አለ። ለተራ ምርጫ ስዊች መጻፍ እንኳን አያስፈልግም። ሜዠሮቹን መርጦ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስላይሰሩን ራሱ ይሠራል። ደስ የሚለው እያንዳንዱ ሜዠር የራሱን የቁጥር አጻጻፍ ይዞ መምጣቱ ነው፤ ብሩ በብር፣ መቶኛው በመቶኛ። ጎደል የሚለው ምርጫውን ወደ ሌላ ስሌት አስገብቶ ለመቀጠል ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ወደ ስዊች መመለስ ይሻላል።

ካልኩሌሽን ግሩፕም አለ፤ በብዙ ሜዠር ላይ የሚሠሩ ቀመሮች ስብስብ ነው። ይኼኛው ጊዜን ለመቀያየር ነው የሚገርመው። ስድስት መለኪያ አለን እንበል። እያንዳንዱን በአራት ዓይን ማየት እንፈልጋለን፦ የወሩ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ፣ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ፣ ልዩነቱ። ሁሉን ለየብቻ ከጻፍን 24 ሜዠር ነው። በካልኩሌሽን ግሩፕ ስድስቱ ሜዠሮችና አራት የጊዜ ቀመሮች ብቻ ይበቃሉ፤ አሥር ነገር። የጊዜ ቀመሩ ውስጥ ሰሌክትድሜዠር ይባልና የመጣውን ሜዠር ይቀበላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ እሱን ሲያስገቡ ፓወር ቢአይ ዓምድ ጎትቶ ዝም ብሎ መደመርን ይከለክላል። ሁሉም ነገር በተጻፈ ሜዠር ይሆናል። ሳያውቁ የገቡበት ይደነግጣሉ፤ ለእኔ ግን ጥሩ ሥርዓት ነው።

አራተኛ፣ በእኛ አቆጣጠር አይሠራም የሚለው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ጽሑፉን ለማን እንደጻፉት እንድጠይቅ ያደረገኝ ይህ ነጥብ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት የፕሮግራሞቹ የጊዜ ቀመሮች ለፈረንጅ ካላንደር የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ለኢትዮጵያ ወራት የተለየ ገጽ፣ የተለየ ቻርት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ አይከተልም። እንዲያውም ቀመር መቀያየር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

እኛ ፋብሪካ ውስጥ «ዓመቱ» ሲባል ሦስት ነገር ነው። ሒሳብ ክፍል ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በበጀት ዓመቱ። ሽያጭ ክፍል ዓመቱ መስከረም 1 ይጀምራል፤ ዳቦ ቤቶች ዋጋ የሚነጋገሩት ከአዲስ ዓመት ጋር ነው። የወፍጮ መለዋወጫ የሚልክልን የውጭ ድርጅት ደግሞ ዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ሦስቱም «ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ስንት ነው?» ይላሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው።

የበጀት ዓመቱ ቀላል ነው። ሐምሌ 1 በእኛ ዘመን ሁሌም ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ዳክስ (የፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ) ውስጥ ቶታልዋይቲዲ የሚባለው፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሚደምረው ተግባር የዓመት መዝጊያ ቀን ይቀበላል፤ ጁላይ 7 ብሎ መስጠት ነው። ነገር ግን ይህ ቀን እዚያው ተጽፎ መሰጠት አለበት፤ ከሌላ ሜዠር ወይም ከስላይሰር ተቀብሎ አይለዋወጥም። ስለዚህ ለጃንዋሪው አንድ ሜዠር፣ ለሐምሌው ሌላ ሜዠር ተጽፎ በላያቸው ላይ ስዊች ይቀመጣል። መስከረም ላይ ሲደረስ ይህም አይሠራም። መስከረም 1 አንዳንዱ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ነው። የ2016 አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ላይ ዋለ፤ የ2017ቱ ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ላይ። አንድ ቋሚ ቀን ጽፎ መገላገል አይቻልም። የቀን ሠንጠረዡ ላይ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና ቀን የሚሉ ዓምዶች ይጨመራሉ፤ ሦስተኛው ሜዠር «የዚሁ የኢትዮጵያ ዓመት፣ እስከዚህ ቀን ያለው» ብሎ ያጣራል። ሠንጠረዡ አንዴ ነው የሚሠራው። እኔ በኤክሴል ሠርቼ ነው ያስገባሁት፤ ከግድግዳ ካላንደር ጋር እያስተያየሁ፣ በተለይ ጳጉሜ 6 ያላቸውን ዓመታት።

ጳጉሜን ካነሳሁ አይቀር። የወር ቻርት ላይ ጳጉሜ ስትታይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነሐሴ ረጅም አሞሌ፣ ጳጉሜ ድንክ፣ መስከረም እንደገና ረጅም። አዲስ የመጣ ሰው «እዚህ ጋ ምን ሆናችሁ?» ይላል። ምንም አልሆንንም፤ አምስት ቀን ናት። ለምሳሌ ነሐሴ 6,000 ኩንታል ተሸጦ ጳጉሜ 1,250 ቢሸጥ በድምር ሲታይ ገበያው የሞተ ይመስላል። በቀን አማካይ ሲታይ ግን ነሐሴ 200፣ ጳጉሜ 250 ነው። ለበዓሉ ገበያው በሩብ ጨምሯል! አንዱ ቀመር «ወደቃችሁ» ይላል፤ ሌላው «ጨመራችሁ» ይላል። ዳታው አንድ ነው። መጋዘን የምትመራው ሴት ድምሩን ትፈልጋለች፤ ስንት ጆንያ እንደሚወጣ ማወቅ አለባት። የሽያጭ ኃላፊው አማካዩን ይፈልጋል። ያንኑ ቻርት ነው የሚያዩት፤ «ድምር» እና «በቀን» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። ይህን በሁለት ገጽ ብከፍለው ድምሩን ብቻ ያየው ሰው አማካዩን ሳያይ ይወስናል። የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመትም ጳጉሜን ስለሚይዝ 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ ሌሎቹ ሩቦች 90፣ 90 ናቸው። ሩብን ከሩብ ጋር በድምር እያወዳደርን «በአንደኛው ሩብ ዓመት የተሻለ ሠራን» የምንል ስንት ነን?

አምስተኛ፣ ዶላሩ። ጽሑፉ ለዶላር የተለየ ቀመር አያስፈልግም፤ የብሩን ድምር በዛሬው ምንዛሪ አካፍሎ ከጎን መጻፍ ይበቃል ይላል። ከ2016 በፊት ቢሆን ዝም ባልኩ። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲመራ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2015ን ሽያጭ በዛሬው ምንዛሪ ያካፈለ ሰው ያኔ ያገኘውን ዶላር ከግማሽ በታች አድርጎ ነው የሚያሳየው። እኛ ያን ጊዜ የወፍጮ ሮለር የገዛነው በዚያን ጊዜ ዶላር ነው። ስለዚህ ቀመሩ በየቀኑ መሄድ አለበት፤ የእያንዳንዱን ቀን ሽያጭ በዚያው ቀን ምንዛሪ አካፍሎ መጨረሻ ላይ መደመር። ዳክስ ላይ ሰምኤክስ በሚባለው ተግባር ይሠራል። ይህ ራሱን የቻለ ሜዠር ነው። ከብሩ ጎን በማስታወሻ የሚጻፍ አይደለም። አንድ ቻርት ላይ «ብር» እና «ዶላር» እያሉ ሲያፈራርቁት ደግሞ በሁለት ቻርት ቶሎ የማይታይ ነገር ይታያል፤ በብር ሽቅብ የሚወጣው መስመር በዶላር ሲሆን እዚያው ቦታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ሲያዩት ቁልፉን አራት ጊዜ ያህል መላልሰው ነኩት። ከዚያ የግዢ ኃላፊውን አስጠሩ።

የሚያስማማን ነገር እዚህ አለ። ሁለት ነገር አብሮ መታየት ካለበት አትቀያይሩት። የተመረተውና የባከነው ጎን ለጎን ይሁን። ዓይን አንዱን አስታውሶ ከሌላው ጋር በትክክል ማወዳደር ይከብደዋል። ለሕትመትም እንዲሁ። መብራት ሲሄድ ብለን በየጠዋቱ አንድ ወረቀት አትመን ሚዛን ቤት እንለጥፋለን፤ ወረቀት ቁልፍ የለውም። ለእሱ የተለየ ገጽ አለኝ፤ ሁሉም መለኪያ ተዘርዝሮ የተቀመጠበት።

ፓወር ቢአይ የሌላቸው በኤክሴልም ይሠሩታል። ዳታ ቫሊዴሽን ላይ ተቆልቋይ ዝርዝር ይሠራል፤ ማች የተመረጠው ስንተኛ እንደሆነ ይለያል፤ ቹዝ ደግሞ ትክክለኛውን ዓምድ ያመጣል፤ ቻርቱ ከዚያ ዓምድ ይስላል። የቻርቱን ርዕስ ነክቶ ቀመር መጻፊያው ላይ እኩል ይሆናል ብሎ የምርጫውን ሴል መጠቆም። አበቃ፤ ርዕሱም አብሮ ይቀየራል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ማንም አይነካውም የሚለው። በከፊል ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ሲከፈት ያገኘውን ነው የሚያየው። ለዚህ ነው መነሻ ምርጫው በጥንቃቄ መመረጥ ያለበት። ሰሌክትድቫልዩ ሁለተኛ ቦታው ላይ መነሻ ይቀበላል፤ ምንም ካልተመረጠ ወይም ሁለት ከተመረጠ እሱን ይመልሳል። ስላይሰሩም አንድ ብቻ እንዲያስመርጥ ይደረግ። የእኛ መነሻ ኩንታል ነው፤ ከዚያ ከጫኝና አውራጆቹ ቀን ወዲህ። ሌላም አለ፤ «ህዳግ» የሚለውን ቁልፍ ከደንበኛ ለመደበቅ ብላችሁ ቁልፉን ብቻ አታጥፉ። ቁልፍ መደበቅ መረጃ መደበቅ አይደለም፤ በሞዴሉ ላይ ሪፖርት የመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው ሜዠሩን በቀጥታ ሊጠራው ይችላል። ህዳጉ እንዳይታይ ከተፈለገ ከሥሩ ያሉት የወጪ ዓምዶች ላይ ነው ገደቡ የሚደረገው።

ግን «ማንም» ሲባል አልስማማም። መጋዘን ያሉት እትዬ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልካቸውን ያወጣሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ነው የሚያዩት። መጀመሪያ «ድምር»፣ ቀጥሎ «በቀን»፣ ከዚያ ወደ ድምሩ ይመለሳሉ። በቀደም አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ኩንታል የምትለው ለእኔ አይሆነኝም። እኔ የምቆጥረው ጆንያ ነው። ባለ ሃምሳው ስንት፣ ባለ ሃያ አምስቱ ስንት፤ እሱን አምጣልኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የኩንታሉን ቁጥር እያባዙ እጃቸው ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፉ ነበር። ሁለት ሜዠር ጻፍኩ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ጨመርኩ። ርዕሱንም «የነገ ትዕዛዝ፣ በባለ 50 ኪሎ ጆንያ» እንዲል አደረግኩት። ማክሰኞ ጠዋት ከፍተው አዩት፤ ከዚያ ስልኩን ወደ መደርደሪያው አዙረው መቁጠር ጀመሩ።